በእንክብሎቹ መካከል የተገኘችው ቦሎቄ

ሰኞ ጠዋት ዶክተር ኢትሴል ካራንኮ ስልሳ ጠርሙስ በጠረጴዛ ላይ ደርድራ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፖሊስ ትጠብቅ ነበር። ሳንታ ሉሲያ የምትባለው ከተማ ያላት መርማሪ አንድ ብቻ ነው፤ ኢንስፔክተር ፊደንሲዮ ባራኻስ። እሱም የጤና ጣቢያውን በር አልፎ እንደገባ ከሰው ሚዛኑ ጋር ተላተመና ባርኔጣውን አንስቶ «ይቅርታ እመቤቴ» አለው።

ሚዛኑ ዝም አለ። ከኋላው የገባችው ሳጅን ኦብዱሊያ ከአፏ ይልቅ በክርኗ መናገር የሚቀናት ጎልማሳ ሴት ናት፤ ጎኑን ጎሸም አድርጋ ወደ ጠረጴዛው አዞረችው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚሠሩት እንዲህ ነው። ስለ ነገሩ ግን አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

«ወንጀሉ የታለ?» አለ ፊደንሲዮ።

«ይኸው ፊትዎ!»

ለፊደንሲዮ ፊቱ ያለው ጭጋግ ውስጥ የቆመ ቡናማ ነገር ነው። እንደገባው ሰው ራሱን ነቀነቀ። «አያለሁ። ግን ለመዝገቡ እንዲመች በራስዎ አንደበት ቢነግሩኝ።»

ዶክተሯ ነገረችው። የሳንታ ሉሲያ ማሳ ከጥግ እስከ ጥግ ሴምፓሱቺል ነው፤ ያ በሙታን በዓል መቃብር ላይ የሚበተነው ብርቱካንማ አበባ። ቀለሙ ተጨምቆ የዶሮ መኖ ውስጥ ሲገባ የእንቁላሉን አስኳል እንደሚያቀላ ሕፃን እንኳ ያውቃል። በቅርቡ ደግሞ «ለዓይንም ፍቱን ነው» የሚል ወሬ ተነሣና፣ አበባውን የሚገዛው ኩባንያ ከካሮትና ከጎመን ጋር አዋሕዶ እንክብል ሠራ። ዶክተር ኢትሴል «ወሬ ማስረጃ አይሆንም፤ እንፈትሸው» አለች። ስልሳ አዛውንቶች መረጠች። ለሠላሳው እውነተኛውን፣ ለሠላሳው ውስጡ ነጭ ዱቄት ብቻ የሆነ ባዶ እንክብል አደለች። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም አንድ ናቸው።

«ለማን የቱ እንደደረሰው ማን ያውቃል?» አለ ፊደንሲዮ።

«ማንም።»

«እርስዎስ?»

«እኔም አላውቅም። ዝርዝሩ በፖስታ ታሽጎ ዋናው ከተማ ነው ያለው። ዓርብ የግዛቱ ጤና ቢሮ ሰዎች ይዘውት ይመጣሉ።»

«ሐኪሟ ራሷ የማታውቀው መድኃኒት!»

«ባውቅማ ኖሮ እውነተኛውን የወሰዱትን ‹እስቲ እንደገና ይሞክሩ አባባ፣ ትንሽ ቀረዎት› እያልኩ አስነብባቸው ነበር። ሰው የሚመኘውን ነው የሚያየው። ሐኪምም ሰው ነው።»

ከዚያ ወደ ጠርሙሶቹ ዞረች። ለእያንዳንዱ ሰው ለስድስት ወር ሁለት መቶ እንክብል ተሰጥቶት ነበር። በየቀኑ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር፤ ያለ ቅባት ሰውነት አይቀበለውምና። መቶ ሰማንያው ተውጦ ሃያው መመለስ ነበረበት።

«ቅዳሜ መለሱልኝ። አንዷ ባዶ ጠርሙስ ይዛ መጣች። ደወል ደዋዩ ዶን ፓንፊሎ ዘጠና አንድ አመጡ። ሌላዋ ክዳኑ አልገጥም ብሏት በመሐረብ አስራ አመጣችው! ጥቂቱን ሰበር ሰበር አድርጌ ባይ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ብርቱካንማውም ነጩም ተደባልቋል። ሁሉም ጋ እንደዚያው ነው! የመጋዘኔ መስኮት መቀርቀሪያው ልል ነው፤ ከመታደላቸው በፊት የሆነ ሰው ገብቶ ቀላቅሎብኛል። የሦስት ዓመት ልፋቴን! ደግሞ በቁጥር ሠላሳ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ይቺ ነበረች።»

አንዲት ትንሽ ነገር መዳፉ ላይ አኖረችለት። ፊደንሲዮ አላያትም፤ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረጋት።

«ቦሎቄ ናት» አለ። «ጥቁር ይመስለኛል። አሮጌ። ድስት አይታ አታውቅም። ብዙ እጅ ዳብሷታል፤ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ለስልሳለች።»

«ሳያዩ?» አለች ዶክተሯ ተገርማ።

«ዓይን ይዋሻል ዶክተር። ጣት ግን አይዋሽም።»

እዚህ ላይ የሰውዬውን ገበና መግለጥ ግድ ነው። ፊደንሲዮ ጣቱን ያመሰገነው ዓይኑ ስለከዳው ነው። ሁለት ዓመት ሆነው፣ ዓለም ከአሮጌ መጋረጃ በስተጀርባ እንዳለች ሆና ከታየችው። ዓርብ ዓመታዊ የዓይን ምርመራ አለበት፤ ከወደቀ ከነማዕረጉ ምድር ቤት ወርዶ ከአይጥ ጋር መዝገብ ሲያቅፍ ጡረታውን ይጠብቃል። ደግሞ «እንዲህ ያለ ዓይን በቢላዋ ነው የሚሠራው» ሲባል ሰምቷል። ሽጉጥ ተደግኖበት ያልደነገጠ ሰው፣ ይህን ቢላዋ ግን ይፈራል። ስለዚህ ተስፋውን ሁሉ በዚህ እንክብል ላይ ጥሎ ነበር።

«ለምርመራው ያህል ብቻ ነው» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፤ «ይሄ ነገር ዓይን ያድናል?»

«ዓርብ አውቀው ነበር» አለች ዶክተሯ። «አሁን ማን ያውቃል?»

ፊደንሲዮ ወንጀለኛውን የጠላው ያን ጊዜ ነው። በሠላሳ ዓመት ሥራው እንዲህ የጠላው ሰው የለም።

*

ማክሰኞ ገበያ ወጡ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ዶን ናቦር ነበር፤ «የንስር ዓይን» የሚባል የካሮትና የቁልቋል ሽሮፕ ሻጭ። ጥናቱ እውነቱን ካወጣው ገበያው ይዘጋል። ሰውዬው ሲጋራውን በከንፈሩ አንጠልጥሎ ይጮኻል።

«ኑ! በግ ከፍየል የማይለይ፣ ነገ መርፌ በክር ያስገባል! ኦ፣ ኢንስፔክተር! አራተኛው ጠርሙስ አለቀ እንዴ?»

ሳጅን ኦብዱሊያ ወደ ሰማይ ቀና አለች፤ ያልሰማች መሰለች።

«የመጣሁት ለሥራ ነው» አለ ፊደንሲዮ በቁጣ። «በግንቦት የመጀመሪያው ሳምንት የት ነበርክ? የሐኪሟ ጠርሙሶች መጋዘን በነበሩበት ሳምንት?»

ዶን ናቦር ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። ግራና ቀኝ አየና ወደ ድንኳኑ ጓዳ ሳባቸው።

«ሆስፒታል» አለ በሹክሹክታ።

«ምን ሆነህ?»

«የዓይን ሞራዬን ልሠራ። በቀዶ ጥገና።»

ፊደንሲዮ የሰማውን ማመን አቃተው። «አንተ? የንስር ዓይን ሻጩ?»

«እባክዎ ቀስ ይበሉ! እንጀራዬ ነው እኮ!» አለና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ፊደንሲዮ ወረቀቱን ተቀብሎ አገላበጠ፣ ቅንድቡን ሰበሰበ፣ ከዚያ «አረጋግጪው» ብሎ ለኦብዱሊያ ሰጣት።

«ማኅተሙ ትክክል ነው» አለች። «ስድስት ቀን እዚያው ነበር። ወረቀቱን ግን ገልብጠው ነበር የያዙት።»

«እና ሽሮፑ?» አለ ፊደንሲዮ።

«ሽሮፑ ለሆድ ድርቀት ግሩም ነው!»

ፊደንሲዮ ባለፉት አራት ወራት ያሳለፈውን አስታወሰና ብዙ ነገር ግልጽ ሆነለት። ሊወጣ ከተነሣ በኋላ ግን ተመለሰ።

«ስማ... ቢላዋው። ያማል?»

«ጥርስ ከማስነቀል ይቀላል። ገና ‹መቼ ነው የሚጀምሩት?› ስል ‹ጨርሰናል› አሉኝ» አለ ዶን ናቦር። «ይልቅ ስም ልስጥዎት፤ የእኔን ምስጢር ይያዙልኝ። በዚያው ሰሞን ኢንጂነር ላራኛ፣ የአበባው ኩባንያ ሰው፣ በጤና ጣቢያው ጓሮ በር ካርቶን ተሸክሞ ሲወጣ ሚስቴ አይታዋለች።»

*

ኢንጂነር ላራኛ በአበባ ክምር መካከል ከወገቡ በላይ ብቻ ይታይ ነበር፤ ለፊደንሲዮ ደግሞ ያም አይታይም። ካርቶኑን ሲጠይቀው ሰውዬው ሳቀ።

«እንቁላል ነዋ! ሦስት ደርዘን። አስኳሉ እንደ ፀሐይ መጥለቂያ የቀላ። ለዶክተሯ ስጦታ ይዤላት ብሄድ ‹በውጤቱ ከሚጠቀም ሰው እጅ እንቁላል አልቀበልም› ብላ በጓሮ በር አስወጣችኝ። ይጠይቋት።»

ኦብዱሊያ ስልክ ደወለች። እውነት ነበር። እንዲያውም ዶክተሯ «አንዱን እንኳ አልቀመስኩም» ብላ አዝናለች።

«ደግሞ ኢንስፔክተር» አለ ኢንጂነሩ፣ «እኔ እጄን ባስገባ ኖሮ ባዶውን ሁሉ አውጥቼ እውነተኛውን እሞላበት ነበር። መቀላቀሉ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል? ለናቦርስ ምን ይጠቅመዋል? ለማን ይጠቅማል?»

ለማንም አይጠቅምም። ፊደንሲዮ መኪና ውስጥ ገብቶ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ። ማንም የማይጠቀምበት ወንጀል የአእምሮ በሽተኛ ወይም የየዋህ ሰው ሥራ ነው፤ የሳንታ ሉሲያ አእምሮ በሽተኛ ደግሞ ባለፈው ዓመት ሞቷል።

«ኦብዱሊያ፣ የቆጠራውን ዝርዝር አንብቢልኝ። ሌባው መጋዘን ገብቶ ቢቀላቅል ኖሮ እንኳ ቁጥሩ አይዛነፍም ነበር። የተዛነፈው ሰዎቹ ቤት ከደረሰ በኋላ ነው።»

በተመለሱበት ቅደም ተከተል አነበበችለት። አርባ አራት። ዜሮ። ስድስት። ዘጠና አንድ። ሦስትና አንድ ቦሎቄ።

«ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ሃያ።»

«ቆይ። ሌላ ልክ ሃያ የመለሰ አለ?»

«የለም ጌታዬ። ከስልሳው እሷ ብቻ።»

ፊደንሲዮ ቀና ብሎ ተቀመጠ። «ስሚኝ። ሰው ሁሉ ሲንተባተብ ሰዓቱን በደቂቃ የሚነግርሽ አንድ ሰው ካለ፣ እሱን ያዢ። ማናት አሥራ ሰባት?»

ኦብዱሊያ ዝርዝሩን አጠፈች። ክርኗ እንኳ ዝም አለ።

«ማናት አልኩሽ?»

«እናትዎ ናቸው ጌታዬ።»

*

ረቡዕ ምሳ ላይ ዶኛ ኤዱቪኸስ፣ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ባልቴት፣ ቺቻሮን የሚሉትን የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ በአረንጓዴ ስጎ ሠርተው ልጃቸውንና ሳጅኗን አስቀመጡ። የበቆሎ ቂጣው፣ ቶርቲያው፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይጨሳል።

«እማዬ» አለ ፊደንሲዮ፣ «ስንት እንክብል መለስሽ?»

«ሃያ። ሃያ አምጡ ተባለ፣ ሃያ አመጣሁ።»

«በየቀኑ አንድ ትውጪ ነበር?»

«ከአንድ አሳንሼ አላውቅም። ብላ እንጂ፤ ቀዘቀዘ እኮ።»

«ከአንድስ አስበልጠሽ ታውቂያለሽ?»

«አንተ ልጅ፣ እናትህን እንደ ከብት ሌባ ነው የምትመረምራት? ኦብዱሊያ ልጄ፣ አንቺስ ጨምሪ።» እጃቸውን ዘርግተው ቶርቲያ ሰጧት። ኦብዱሊያ ቶርቲያውን መቀበል ረስታ እጃቸውን አፍጥጣ አየች።

ምሳው አልቆ ወደ በሩ ሲሄዱ ክርኗ እንደገና መናገር ጀመረ።

«ጌታዬ፣ የእናትዎ መዳፍ ቢጫ ነው። ብርቱካን ሊሆን ምንም አልቀረውም። ዶክተሯ የካሮትን ቀለም ያበዛ ሰው እጁ እንደዚያ ይሆናል ብላ ነበር። አልታየዎትም?»

«ምኑ ነው የሚገርመው? ሁሉም ነገር እኮ ቢጫ ነው።»

ኦብዱሊያ ቆመች። ሁለት ዓመት ያልተባለው ነገር በመካከላቸው ቆመ።

«ጌታዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሁሉም ነገር ቢጫ አይደለም።»

ፊደንሲዮ ፊቱን አዞረና፣ ሲዞር በሩ ጀርባ ከተሰቀለ የጨርቅ ከረጢት ጋር ተላተመ። ከረጢቱ ኮሽ አለ። እጁን አስገባ። ጥቁር፣ አሮጌ፣ ድስት አይተው የማያውቁ፣ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የለሰለሱ ቦሎቄዎች ሞልተውታል። በዚህ ቤት ተወልዶ አድጎ፣ የሐሙስ ሎተሪያ ጨዋታ ቦሎቄን ለማወቅ ሦስት ቀን ፈጀበት። በራሱ አፈረ።

«ነገ ሐሙስ ነው አይደል?» አለ።

*

ሎተሪያ ሐሙስ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በደብሩ አዳራሽ ነው፤ ከፊደንሲዮ መወለድ በፊት ጀምሮ እዚያው ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አሥራ ስድስት ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ይይዛል። ደወል ደዋዩ ዶን ፓንፊሎ ካርታ እያወጡ በእንቆቅልሽ ይጠራሉ፤ የተጠራውን ሥዕል ሰሌዳው ላይ ያገኘ ቦሎቄ ያስቀምጥበታል። አንድ መስመር የሞላ «ሎተሪያ!» ብሎ ይጮኻል።

ፊደንሲዮ ከእናቱ ጎን ተቀመጠ። «ልጫወት ነው የመጣሁት» አለ። ማንም አላመነውም፤ ማንም ደግሞ ግድ አልሰጠውም።

«ጮኾ የሚቀሰቅሰን እሱ፣ ተጠብሶ የሚያስተኛን እሱ... ዶሮው!» አሉ ዶን ፓንፊሎ።

ዶኛ ኤዱቪኸስ ሻላቸውን ሰብስበው አማተቡ። በየጥሪው ያማትባሉ፤ ሎተሪያ በእግዜር እጅ ናት ባይ ናቸው።

«ሳይጠሯት የምትመጣ፣ ሲጠሯት የምትቀር... ሞት!»

እንደገና አማተቡ። ከዚያ «ሎተሪያ!»

ዶን ፓንፊሎ መጥተው ሰሌዳው ላይ ጎንበስ አሉ። አፍንጫቸው ሥዕሉን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው «ልክ ነው» አሉ። አዳራሹ አጉረመረመ። አሸናፊዋም መሐል ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የሸክላ ሳህን እጃቸውን ሰደው በርከት ያለ ነገር ዝቀው ከጉያቸው ከተቱ።

ፊደንሲዮ ድንገት ሳህኑን ጎተተ። አንዱን እንክብል ይዞ ሰበረው።

«ኦብዱሊያ?»

«ብርቱካንማ፣ ጌታዬ።»

ሌላውን ሰበረ።

«ነጭ፣ ጌታዬ።»

«በሕግ ስም ማንም እንዳይነቃነቅ!»

«ልጄ» አሉ ዶን ፓንፊሎ፣ «ከእኛ ውስጥ ማን መነቃነቅ ይችላል?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። የደብሩ ቄስ በፋሲካ ማግስት ሳንቲም አስይዞ መጫወትን ከመድረክ ላይ አወገዙ። ሎተሪያ ያለ ማስያዣ ደግሞ ጨው የሌለው ሾርባ ነው። ወዲያው ሐኪሟ ጠርሙስ አደለቻቸው፤ «በአሥራ ሁለት ሰዓት ከምግብ ጋር ዋጡ» አለቻቸው። ሐሙስ በአሥራ ሁለት ሰዓት የት እንዳሉ መቼም ይታወቃል። ጠርሙሳቸውን ይዘው መጡ። አንዱ አንድ እንክብል አስያዘ፣ ሌላውም አስያዘ። ተሸናፊ ሲያልቅበት ከአሸናፊ ለመነ። ቅዳሜ ጠርሙሶቹ ከተመለሱ ወዲህም ጨዋታው እንዳይቆም ዶኛ ኤዱቪኸስ ካጠራቀሙት ለሁሉም አካፍለዋል።

«ስድስት ወር ሙሉ!» አለ ፊደንሲዮ። «አንድ ሰው እንኳ ‹ይሄ ለጥናት ነው› አላለም?»

«እንዴት አይባል!» አሉ እናቱ ተቆጥተው። «ሐኪሟ ራሷ ‹እውነተኛው ለማን እንደደረሰ አይታወቅም፣ ዕድል ነው› አለችን። ይሄውልህ፣ ዕድል ነው!»

ፊደንሲዮ የጻፈው ሪፖርት አጭር ነበር። «ወንጀለኞቹ ስልሳ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ቢደመር አራት ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ይሆናል። የወህኒ ቤቱ አልጋ ሁለት ነው። ተግሣጽ ይበቃል።»

*

ዓርብ የግዛቱ ሰዎች መጥተው፣ ሰምተው፣ ፖስታውን ሳይከፍቱ ይዘው ተመለሱ። ፊደንሲዮ ለምርመራው ሲገባ ዶክተር ኢትሴልን ስታለቅስ አገኛታለሁ ብሎ ነበር። እሷ ግን ወረቀት ላይ የግራፍ ነጥብ ትነቁጣለች።

«ዶን ፓንፊሎ ያሸናፊዎቹን ስም ሁሉ መዝግበው አገኘሁ!» አለች። «በዓመት ብዙ ያሸነፈ ነው በዓይን ጠባቂዋ ቅድስት በሳንታ ሉሲያ በዓል ሰንደቁን የሚይዘው። እና አየሁት ኢንስፔክተር፤ ብዙ እንክብል የወሰዱት ከሁሉ የተሻለ ያያሉ!»

የፊደንሲዮ ልብ ዘለለች። «ያድናል ማለት ነው!»

«እኔም ለአንድ ሰዓት እንደዚያ ብዬ ጨፍሬያለሁ። ከዚያ የመጀመሪያ ቀን ምርመራቸውን አወጣሁ። ገና አንድ እንክብል ሳይውጡም የተሻለ የሚያዩት እነሱው ነበሩ። ገባዎት? እንክብሉ አይደለም ዓይን የሰጣቸው። ዓይናቸው ነው እንክብል የሰጣቸው! ያየ ያሸንፋል፣ ያሸነፈ ይወስዳል።» ሳቀች፤ ሳቋ ውስጥ ሐዘን አለ። «አንድ ሰው ብቻ ናት መስመሬን የምታበላሽብኝ። አሥራ ሰባት። የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ ላይ ከፍልፈል ብዙም የማትሻል፣ ግን ከሁሉ በላይ አሸናፊ። ምክንያቱን ባውቅ ከግርጌ እጽፈው ነበር። ዕድል ይሆናል። በሉ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ያንብቡልኝ።»

ፊደንሲዮ ደረቱን ነፋ። ይሄን የፊደል ሰሌዳ ለአንድ ወር ሙሉ እንደ አባታችን ሆይ በቃሉ ሲደግመው ነበር። «ኤ። ኤፌ፣ ፔ። ቴ፣ ኦ፣ ሴታ...» እያለ እስከ መጨረሻው ተወጣው።

«ግሩም! አንድም አልሳቱም። ችግሩ፣ ሰሌዳውን ረቡዕ አውርጄዋለሁ። አሁን ያነበቡልኝ የዶሮ መኖ ካላንደር ነው።»

በሩ ላይ የቆመችው ኦብዱሊያ ሳል ያዛት።

ዶክተሯ በመብራት ዓይኑን አየች። ብዙም አልቆየች። «ሁሉም ነገር ቢጫ የሆነብዎት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ከዚህ በኋላ መዋሸት ትርጉም አልነበረውም። «ሁለት ዓመት» አለ። ከዚያ የልጅ በሚመስል ድምፅ «እንክብሉን በብዛት ብወስድስ?» አለ።

«እውነቱን ልንገርዎት። የዓይናቸው መሃል በእርጅና ደክሞ መካከለኛ ደረጃ ለደረሰባቸው ሰዎች፣ የአበባው ቀለም ከሌሎች ቫይታሚኖች ጋር ሲሰጥ ድካሙን እንደሚያዘገይ በሌላ ቦታ በትልልቅ ጥናት ታይቷል። የጠፋውን ግን አይመልስም። አጫሽ ደግሞ የካሮቱን ቀለም በእንክብል ከወሰደ ሳንባው ይጎዳል። ጎመኑንና ካሮቱን ከሳህን ላይ መብላት ለማንም ደግ ነው። የእርስዎ ግን የዓይን ሞራ ነው። ለእሱ አንድም እንክብል የለም።»

«ቢላዋ ነው?»

«ትንሽ ቢላዋ። የሩብ ሰዓት ሥራ። ለአለቆችዎ ‹ለስድስት ሳምንት ታግሡት› ብዬ እጽፍልዎታለሁ።»

ፊደንሲዮ ወደ ኦብዱሊያ ዞረ። ጭጋግ ውስጥ እንኳ ራሷን ስትነቀንቅ ታየችው።

«እኔ እነዳለሁ» አለች።

*

አምስት ሳምንት አለፈ። ሁለቱም ዓይኖቹ ተሠርተው መጋረጃው ከተነሣ ወዲህ ፊደንሲዮ ሰማይ ሰማያዊ መሆኑን በየመንገዱ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ይናገራል። ኦብዱሊያ ሸብታለች። የቢሮው ግድግዳ ሮዝ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ክሬም ይመስለው ነበር። እናቱንም አያቸው። አርጅተዋል። ጉንጫቸው ጎድጉዷል፣ አንገታቸው ቀጥኗል፤ ይህን ማንም አልነገረውም። ጓዳ ገብቶ አለቀሰ፤ ሐኪሟ ዓይንህን አታሽ ስላለችው እንባውን ዝም ብሎ አወረደው።

ከሳንታ ሉሲያ በዓል በፊት በነበረው የመጨረሻ ሐሙስ ሎተሪያ ሄደ። አሁን የሚያስይዙት በዶክተሯ ምክር ካሮትና ጎመን ነው። ሰንደቁ ግድግዳ ላይ ተደግፎ የመጨረሻውን አሸናፊ ይጠብቃል። ዶኛ ኤዱቪኸስ ከዶኛ ሬፉኺያ፣ ከሠላሳ አንድ ቁጥሯ፣ ጋር እኩል ናቸው።

«ውሃ ውስጥ ዘፋኝ፣ መሬት ላይ ዘላይ... እንቁራሪቷ!»

ዶኛ ኤዱቪኸስ ቦሎቄ አስቀመጡ። ከዚያ አማተቡ። ቀኝ እጃቸው ከግንባር ወደ ደረት ሲወርድ የሻላቸው ጠርዝ ሰሌዳውን ጋረደው። ፊደንሲዮም በሻሉ ሥር፣ በጠራው ዓይኑ፣ የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት ቦሎቄዋን ከእንቁራሪቷ ወደ ጨረቃዋ ገፋ ስታደርጋት ቁልጭ ብላ ታየችው።

«ሎተሪያ!»

«እማዬ» አለ በጆሯቸው፣ «ጨረቃ አልተጠራችም።»

ዶኛ ኤዱቪኸስ ቀስ ብለው ዞረው አዩት። «አየኸኝ?»

«አየሁሽ።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ሳንታ ሉሲያ ተመስገኚ!» ብለው ጮኹ። «ልጄ ዓይኑ በራ!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ዶን ፓንፊሎ መጥተው አፍንጫቸውን ሰሌዳው ላይ አሳረፉ። «ልክ ነው» አሉ እንደ ልማዳቸው። ከዚያ ግን ቀና ብለው «አሁንስ ዓይን ያለው ሰው አገኘን። ልጄ፣ እስቲ አንተ በል፤ ልክ ነው?» አሉት።

የስልሳ ሰው ደካማ ዓይን አጥርቶ ወደሚያየው ወደ አንዱ ሰው ዞረ። እናቱ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቱን ያዙት። ፊደንሲዮ ያንን ቢጫ እጅ አየው፤ በቀዶ ጥገናው ቀን ያለ ማቋረጥ ይዞት የዋለው ያው እጅ ነው።

«ልክ አይደለም» አለ።

የተነሣውን ጫጫታ መዘርዘር ከንቱ ነው። ዶኛ ሬፉኺያ ካሮት ወረወሩ። ሰንደቁ ወደ እሳቸው ሄደ። ዶኛ ኤዱቪኸስ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ፤ ልጃቸው ከጎናቸው ማስታወሻውን አውጥቶ ለዶክተር ኢትሴል ሁለት መስመር ሲጽፍ ጠብቀው «ምን ብለህ ነው? አንብብልኝ፤ አይታየኝም» አሉት።

ፊደንሲዮ ደብተሩን ሳያቀርብ፣ ሳያርቅ፣ ማንንም ሳይለምን አነበበ፦ «ቁጥር አሥራ ሰባት፦ ዓይኗ አይደለም፤ ዕድሏም አይደለም። ትንሿ ጣቷ ናት።»

እናቱ ሻላቸውን ሰበሰቡ። «ሠላሳ ዓመት ሌባ ስታሳድድ ኖርክ» አሉ። «ዓይንህ በበራ ማግስት የያዝከው እኔን ነው።» ከዚያ ከንፈራቸው ሊስቅ ፈለገ። «በል ሰኞ ለዚያች ሐኪም የእኔንም ዓይን አሳይልኝ። እኔ ላይ የደረስክብኝ በዚህ ቢላዋ ከሆነ፣ እኔም የሬፉኺያን ጣት ልጠብቅ።»